በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ አገናኝ መስመር እንዴት ይቀመጣል፣ እንዴትስ ይታረማል?

ሳጥኖችን በመስመር የሚያገናኝ የንድፍ መሳያ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል፦ ከአንዱ ሳጥን ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው፣ ወደ ጎን እና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ እየሄደ በ90 ዲግሪ የሚታጠፈው መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ በምን መልክ ይቀመጥ? መስመሩን መሳሉ ቀላል ነው። ከባዱ ከተሳለ በኋላ የሚመጣው ነው። ተጠቃሚው መሃሉን ይዞ ሲጎትተው፣ አንዱን ሳጥን ሲያንቀሳቅስ፣ ያደረገውን ሲቀለብስ መስመሩ ቅርጹን ሳያጣ መከተል ይኖርበታል። የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት፣ የዳታቤዝ ሠንጠረዦች ግንኙነት ወይም የሥራ ሂደት ንድፍ የሚስል ሰው ይህን ዓይነት መስመር የሚመርጠው ዓይን በቀላሉ ስለሚከተለው ነው፤ መስመሩ በእርማት መካከል ከተንጋደደ ወይም ያለ ምክንያት ከተጠማዘዘ ግን ይህ ጥቅሙ ወዲያው ይጠፋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የያዝሁት አቋም ግልጽ ነው፦ የአገናኝ መስመር ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአቀማመጡ ስለሆነ፣ መፍትሔውም መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው እዚያው ነው።

የተለመደው መንገድ መስመሩን እንደ ነጥቦች ዝርዝር መያዝ ነው። የግራው ሳጥን መውጫ በኤክስ 100 እና በዋይ 80 ላይ፣ የቀኙ ሳጥን መግቢያ ደግሞ በኤክስ 300 እና በዋይ 200 ላይ ይሁን እንበል፤ ስክሪን ላይ ኤክስ የሚያድገው ወደ ቀኝ፣ ዋይ የሚያድገው ደግሞ ወደ ታች እንደሆነ ልብ ይሏል። መስመሩ ከመውጫው አግድም እስከ ኤክስ 200 ይሄዳል፣ ከዚያ እስከ ዋይ 200 ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ አግድም እስከ መግቢያው ይዘልቃል። ይህ አራት ነጥብ፣ ማለትም ስምንት ቁጥር ነው። ከስምንቱ ውስጥ አራቱን ሳጥኖቹ ራሳቸው ይወስኗቸዋል። ከቀሩት አራቱ አንዱ የመነሻውን ዋይ፣ ሌላው የመድረሻውን ዋይ ይደግማል፤ የቀሩት ሁለቱም ያው 200 የሚለው ኤክስ ናቸው። ስለዚህ በእውነት ነፃ የሆነው፣ ተጠቃሚው ሊለውጠው የሚችለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ድግግሞሽ ነው፤ ድግግሞሽ ባለበት ደግሞ አንዱ ቅጂ ተለውጦ ሌላው ሳይለወጥ የሚቀርበት ቀን አይጠፋም። በነጥቦች ዝርዝር በተሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ እየዞረ ነጥቦችን የሚያቃና ኮድ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

እኔ የምመክረው አቀማመጥ ነጥቦቹን ትቶ ቁራጮቹን፣ ማለትም የመስመሩን ቀጥ ያሉ ክፍሎች፣ መያዝ ነው። አግድም የሆነ ቁራጭ የራሱ የሆነ አንድ ቁጥር ብቻ አለው፣ እርሱም ዋይ ነው፤ ቁመታዊ የሆነውም እንዲሁ አንድ ኤክስ ብቻ አለው። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚወስኑት ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከላይ ያለው መስመር በዚህ መንገድ ሲቀመጥ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኘው 200 የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ በተጨማሪ የሚያዘው መስመሩ ከየትኛው ሳጥን በየትኛው አቅጣጫ ወጥቶ ወደ የትኛው ሳጥን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገባ ነው። ለመሳል ሲፈለግ ነጥቦቹ ከዝርዝሩ ይሰላሉ፤ አንዴ ኤክስ አንዴ ዋይ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ ሁለት ተከታታይ ነጥቦች ሁልጊዜ ወይ ኤክስን ወይ ዋይን ይጋራሉ። የተንጋደደ ቁራጭ ሊፈጠር የሚችልበት ቀዳዳ የለም። መስመሩ ቀጤ ነክ መሆኑን የሚፈትሽ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም በዚህ አቀማመጥ ቀጤ ነክ ያልሆነ መስመር መጻፍ ራሱ አይቻልም።

ከዚህ አንድ ደስ የሚል ውጤት ይከተላል። መስመሩ አግድም ወጥቶ አግድም የሚገባ ከሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ብዛት ምንጊዜም ኢ-ተጋማሽ ነው፤ አግድም ወጥቶ ከላይ ወይም ከታች የሚገባ ከሆነ ደግሞ ተጋማሽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጠፈው መስመር ዝርዝሩ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ቁራጮች ሳጥኖቹ ወስነዋቸዋል። ይህ ሕግ ማንኛውም እርማት ቁጥሮችን ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መሆን እንዳለበት ይነግረናል፤ አንድ ቁጥር ብቻ የሚጨምር ኮድ ካየሁ ሳልሞክረው ስህተት እንዳለበት አውቃለሁ።

አሁን ተጠቃሚው መሃሉን ቁመታዊ ቁራጭ ይዞ ወደ ቀኝ 40 ፒክስል ይጎትተው። 200 የነበረው 240 ይሆናል፤ ሥራው ይኸው ነው። ቀጥሎ የቀኙን ሳጥን 50 ፒክስል ወደ ታች ያውርደው። የመግቢያው ዋይ 250 ይሆናል፣ ቁመታዊው ቁራጭ በራሱ ይረዝማል፣ በዝርዝሩ ውስጥ ግን የተነካ ቁጥር የለም።

ነገሩ የሚጠነክረው ተጠቃሚው ከሳጥኑ የሚወጣውን የመጀመሪያውን አግድም ቁራጭ ሲይዝ ነው። ይህ ቁራጭ የራሱ ቁጥር የለውም፤ ዋዩ የሳጥኑ መውጫ ዋይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ እንቢ ይላሉ፣ ወይም ሳጥኑን አብረው ይጎትቱታል። ሁለቱም ተጠቃሚውን ያሳዝናሉ፣ ሰውየው የፈለገው መስመሩን እንጂ ሳጥኑን ማንቀሳቀስ አልነበረምና። ትክክለኛው መልስ ከሳጥኑ አጠገብ አጭር መውጫ ቁራጭ አስቀርቶ የቀረውን ማንቀሳቀስ ነው። መውጫ ቁራጩ 20 ፒክስል ቢሆንና ተጠቃሚው አግድሙን ከ80 ወደ 110 ቢያወርደው፣ መስመሩ ከመውጫው እስከ ኤክስ 120 ይሄዳል፣ እስከ ዋይ 110 ይወርዳል፣ ከዚያ አግድም እስከ ኤክስ 240 ይቀጥላል፣ የቀረው እንደነበረ ነው። 240 ብቻ የነበረበት ዝርዝር አሁን 120፣ 110 እና 240 ሆነ። ሁለት ቁጥር ተጨመረ፤ ብዛቱም ኢ-ተጋማሽ እንደሆነ ቀረ።

ተጠቃሚው ሐሳቡን ለውጦ ያንኑ ቁራጭ ወደ ላይ ቢመልሰውና ከ80 ጋር ቢያስተካክለው፣ በኤክስ 120 ላይ ያለው ቁመታዊ ቁራጭ ርዝመቱ ዜሮ ይሆናል። ያኔ 120 እና 110 አብረው ይወጣሉ፣ ዝርዝሩም ወደ 240 ይመለሳል። ደንቡ በመስመሩ መካከልም ያው ነው፦ በአንድ ቁራጭ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትይዩ ቁራጮች እኩል ዋጋ ሲይዙ፣ መካከለኛው ቁራጭና ከሁለቱ አንዱ ይሰረዛሉ። ሰው በእጁ ጎትቶ በትክክል 80 ላይ ሊያሳርፈው ስለማይችል ጥቂት ፒክስል ሲቀረው ፕሮግራሙ ራሱ ስቦ ሊያስተካክለው ይገባል፤ እኔ 6 ፒክስል አካባቢ ይበቃል እላለሁ።

ይህ ማጽዳት የሚከናወንበት ጊዜ ግን ከደንቡ የማይተናነስ ቦታ አለው። ማጽዳት ያለበት ተጠቃሚው ማውሱን ከለቀቀ በኋላ ብቻ ነው። በመጎተት ላይ ሳለ ከተደረገ፣ ሰውየው የያዘው ቁራጭ ከእጁ ይጠፋል፣ የቀሩት ቁራጮች ተራ ቁጥርም ስለሚለወጥ ቀጣዩ የማውስ እንቅስቃሴ ሌላ ቁራጭ ሊጎትት ይችላል። በዚሁ ምክንያት መጎተቱ ሲጀመር የነበረውን ዝርዝር በቅጂ አስቀምጦ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከዚያ ቅጂና ከመነሻው እስከ አሁን ካለው ጠቅላላ ርቀት አዲሱን ቅርጽ ማስላት ይሻላል። ጥቃቅን ልዩነቶችን እየደመሩ የሚሄዱ ፕሮግራሞች ቁራጩ ወደ ፍርግርጉ (ንድፉን ለማስተካከል በእኩል ርቀት ወደተዘረጉት መስመሮች) በተሳበ ቁጥር ከማውሱ ትንሽ ትንሽ እየራቁ ይሄዳሉ። ከቅጂው የሚያሰላ ፕሮግራም ግን ተጠቃሚው መጎተቱን በመሃል ሲሰርዝ ቅጂውን መመለስ ብቻ ይበቃዋል።

ጠቋሚው በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደሆነ ማወቁ፣ ከሌሎች የመስመር ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር፣ ቀላል ነው። ለአግድም ቁራጭ የዋይ ልዩነቱ ከተፈቀደው ርቀት በታች መሆኑንና ኤክሱ በሁለቱ ጫፎች መካከል መውደቁን ማየት በቂ ነው። የተፈቀደው ርቀት መለካት ያለበት በስክሪን ፒክስል መሆኑን ብቻ አደራ እላለሁ፤ 5 ፒክስል ቢሆን፣ ንድፉ በ200 በመቶ ሲጎላ በንድፉ መለኪያ ወደ 2.5 ይወርዳል። ጠቋሚው በአግድሙ ላይ ሲያርፍ የላይና ታች ቀስት፣ በቁመታዊው ላይ ሲያርፍ የግራና ቀኝ ቀስት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ቁራጭ የሚንቀሳቀሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን ተጠቃሚው ሳይጎትት እንዲረዳ ያደርጋል። ጥግ ላይ ሁለት ቁራጮች ስለሚገናኙ የትኛው እንደተያዘ ያጠራጥራል። ጥጉን መያዝ ሁለት ጎረቤታም ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ መለወጥ ማለት ስለሆነ መፍቀዱ አይከብድም፤ እኔ ግን መያዣዎቹን በየቁራጩ መሃል ላይ አድርጎ ጥጉን ያለ መያዣ መተው የበለጠ ግልጽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቅርጹ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ተጠቃሚው በእጁ ያደረገውን ማክበር ነው። አንድ ሰው ሃያ መስመሮችን እያንዳንዳቸውን በጥንቃቄ አስተካክሎ ሳለ አንድ ሳጥን ትንሽ ስላስጠጋ ብቻ ፕሮግራሙ ሁሉንም እንደገና ቢያዘዋውርበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ምልክት ሊኖረው ይገባል፦ ፕሮግራሙ ያሰላው ነው ወይስ ሰው በእጁ ያስቀመጠው? በምሳሌያችን 110 እና 240 የሰው ናቸው፤ 120 ግን ከሳጥኑ ጠርዝ በ20 ፒክስል እንዲርቅ ፕሮግራሙ የፈጠረው ነው። የግራው ሳጥን 10 ፒክስል ወደ ቀኝ ሲሄድ 120 ወደ 130 ይለወጣል፣ 110 እና 240 ባሉበት ይቆያሉ። ሁለቱም ሳጥኖች ተመርጠው አብረው ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ሁሉም ቁጥሮች በዚያው መጠን ይሸጋገራሉ፤ ይህን የዘነጋ ፕሮግራም ሳጥኖቹን ወስዶ የመስመሩን ወገብ እዚያው ጥሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ በቀላሉ የማይታይ ወጥመድ አለ። የግራው ሳጥን 30 ፒክስል ወደ ታች ቢወርድ የመውጫው ዋይ 110 ይሆናል፣ በእጅ ከተቀመጠው 110 ጋርም ይገጥማል። የማጽጃው ደንብ በጭፍን ቢሠራ ሁለቱን ቁጥሮች ይሰርዛቸዋል፤ ሳጥኑ በቀጣዩ ቅጽበት ሌላ 30 ፒክስል ሲወርድ የሰውየው ሥራ አይገኝም። ስለዚህ ሳጥን ሲንቀሳቀስ ዜሮ ርዝመት ያለው ቁራጭ በሥዕሉ ላይ ይዘለል እንጂ ከዝርዝሩ አይሰረዝ። ከዝርዝሩ መሰረዝ የሚገባው ተጠቃሚው ራሱ ያንን ቁራጭ ጎትቶ ካገጠመው ብቻ ነው። ሳጥኑ በእጅ በተቀመጠው ቁራጭ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ያ አንድ ቁጥር ብቻ ለፕሮግራሙ ይለቀቅ፣ እርሱም ሳጥኑ ሲለቀቅ እንጂ በመንገድ ላይ ሳለ አይደለም። መስመሩን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ማዘዋወር ተጠቃሚው በግልጽ ሲያዝ ብቻ የሚፈጸም ትእዛዝ ቢሆን እመርጣለሁ።

ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን መንገድ ራሱ ሲመርጥ፣ በመካከል የሚያግድ ሌላ ሳጥን ከሌለ፣ ሥራው ከሚመስለው ያነሰ ነው። አራት የመውጫና አራት የመግቢያ አቅጣጫዎች 16 ጥንዶች ይሰጣሉ። ንድፉን በሐሳብ አዙረን መውጫውን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብናደርገው አራት ይቀራሉ፤ ላይና ታቹን ብናገለብጥ ደግሞ ሦስት ብቻ፦ መግቢያው ወደ ግራ የዞረ፣ ወደ ቀኝ የዞረ፣ ወይም ወደ ላይ የዞረ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ መድረሻው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚለውን መለየት ይቀራል። ሦስቱን በጥንቃቄ ጽፎ ውጤቱን ወደ ቦታው አዙሮ መመለስ 16ቱን ለየብቻ ከመጻፍ ያድናል።

የሚያግዱ ሳጥኖች ሲኖሩ ግን ፍለጋ ያስፈልጋል። የዚህ ፍለጋ ታሪክ ከሰርኪዩት ንድፍ ጋር የተያያዘ ነው። ሊ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው አልጎሪዝም (የአፈላለግ ስልት) ሰሌዳውን በፍርግርግ ከፍሎ ከመነሻው እንደ ማዕበል እየተስፋፋ መድረሻውን ይፈልጋል፤ መንገድ ካለ አጭሩን ማግኘቱ የተረጋገጠ ነው፣ ነገር ግን 2000 በ2000 የሆነ ፍርግርግ 4 ሚሊዮን ክፍሎች አሉት። ሃይታወር በ1969 ከክፍሎች ይልቅ ከሁለቱም ጫፎች ረጃጅም መስመሮችን እየዘረጉ መገናኛቸውን መፈለግን አቀረበ፤ ይህ በጣም ፈጣን ነው፣ መንገድ እያለ ግን ሊያጣው ይችላል። ሃርት፣ ኒልሰን እና ራፋኤል በ1968 ያሳተሙት ኤ ስታር (A*) የተባለው የመንገድ ፍለጋ አልጎሪዝም ዛሬ በአብዛኛው የሚመረጠው ነው። ዋይብሮው፣ ማሪዮት እና ስታኪ በ2009 ባቀረቡት ዘዴ ከየሳጥኑ ጠርዝና ከየመውጫው የሚዘረጉ አግድም እና ቁመታዊ መስመሮች የሚቋረጡባቸው ቦታዎች ብቻ አንጓ (መንገዱ ሊያልፍበት የሚችል ነጥብ) ሆነው ኤ ስታር በእነርሱ ላይ ይሄዳል። ሊብአቮይድ የተባለው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሥዕል መሳያ ፕሮግራሙ የኢንክስኬፕ አገናኝ መስመር መሳያም የሚጠቀመው ሊብአቮይድን ነው።

ኤ ስታርን ለዚህ ሥራ ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የመንገዱ ዋጋ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ መታጠፍም ዋጋ አለው፣ አለበለዚያ ደረጃ የሚመስል መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚታጠፈው ጋር እኩል ርዝመት ስላለው ፕሮግራሙ ሁለቱን አይለያቸውም። መታጠፍን ለመቁጠር ደግሞ አንጓው ብቻውን አይበቃም፤ ወደ አንጓው የተደረሰበት አቅጣጫም የሁኔታው አካል መሆን አለበት። ወደ አንድ አንጓ አግድም የደረሰ መንገድና ቁመታዊ የደረሰ መንገድ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ወጪ የተለያየ ነው፤ አንዱን ሌላው እንዲተካው ማድረግ ትክክለኛውን መልስ ሊያስጥል ይችላል። ፍለጋው ሲያበቃ የተገኘው መንገድ ወደ ቁጥሮች ዝርዝር ይለወጣል፣ ሁሉም ቁጥሮች የፕሮግራሙ የሚል ምልክት ይዘው።

ብዙ መስመሮች በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፉ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል፣ ተመልካቹም የትኛው የት እንደሚሄድ መለየት ይሳነዋል። ቁራጮች በአንድ ቁጥር ስለሚወከሉ መለያየቱም የቁጥር ሥራ ብቻ ነው፦ በአንድ ቦታ የተደራረቡትን ትይዩ ቁራጮች ሰብስቦ በመካከላቸው እኩል ክፍተት መስጠት። ቅደም ተከተላቸው ግን በዘፈቀደ መሆን የለበትም። ጫፋቸው ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው በግራ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በቀኝ ካልሆነ አላስፈላጊ መቋረጥ ይፈጠራል።

በመሳል ረገድ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ። መስመሩ በሙሉ አንድ ወጥ መንገድ ሆኖ መሳል አለበት፤ ቁራጮቹ ለየብቻ ከተሳሉ ወፍራም መስመር በየጥጉ ውጫዊ በኩል ትንሽ ካሬ ጎድሎበት ይታያል። በ90 ዲግሪ ጥግ ላይ የሾለው መጋጠሚያ ከመስመሩ ውፍረት 1.414 እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ የሾለ መጋጠሚያ ከመጠን ሲረዝም የሚቆረጥበት ገደብ ደግሞ ሳይነካ ሲቀር በኤስቪጂ 4፣ በካንቫስ 10 (ሁለቱም በድረ ገጽ ላይ ሥዕል የሚሳልባቸው መንገዶች ናቸው) ነውና ጥጉ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። በካንቫስ ላይ 1 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር በሙሉ ቁጥር ላይ ሲሳል በሁለት ፒክስሎች ላይ ተከፍሎ ደብዝዞ ይወጣል፤ 0.5 ሲጨመርበት ይጠራል። ይህ 0.5 የሚጨመረው ሲሳል ብቻ ነው፤ ወደ ተቀመጠው ዝርዝር ከገባ እኩልነትን የሚያነጻጽረውን ሁሉ ያበላሻል። ጥጎቹ እንዲከብቡ ከተፈለገ ሬዲየሱ በጥጉ ግራና ቀኝ ካሉት ቁራጮች ከአጭሩ ግማሽ መብለጥ የለበትም፣ ካለበለዚያ የሁለት ተከታታይ ጥጎች ክብ ይደራረባል።

ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ አንዱ በትንሽ ግማሽ ክብ የሚዘልበት ልማድም አለ። አግድሙ ሁልጊዜ ይዝለል የሚል አንድ ደንብ መያዝ ንድፉን ወጥ ያደርገዋል፤ ሁለት መቋረጫዎች ከግማሽ ክቡ ስፋት በታች ከተቀራረቡ ሁለቱን በአንድ ዝላይ ማለፍ ይሻላል። እነዚህ ዝላዮች ግን ፈጽሞ ሊቀመጡ አይገባም፤ በተሳለ ቁጥር ከመስመሮቹ ይሰላሉ።

ፋይል ላይ የሚጻፈውም ያው ነው፦ ሁለቱ መገናኛዎች፣ አቅጣጫዎቻቸው፣ የቁጥሮቹ ዝርዝርና የባለቤትነት ምልክታቸው። መቀልበስም ከመጎተቱ በፊት የነበረውን ዝርዝር መመለስ ብቻ ነው፣ አንድ መጎተት አንድ የመቀልበስ እርምጃ ሆኖ። ይህን ሁሉ ለመፈተሽ በዘፈቀደ ሳጥኖችን የሚያንቀሳቅስ፣ ቁራጮችን የሚጎትት፣ የሚያጸዳና የሚቀለብስ አጭር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ የዝርዝሩ ብዛት ከአቅጣጫዎቹ ጋር መስማማቱን፣ ተጠቃሚው ያልነካው በእጅ የተቀመጠ ቁጥር አለመለወጡን፣ ሁሉም ሲቀለበስ የመጀመሪያው ዝርዝር ቁጥር በቁጥር መመለሱን ያያል። ፍተሻው ሲወድቅ እኔ በመጀመሪያ የምከፍተው የማጽጃውን ኮድ ነው፤ ቁጥሮችን ከዝርዝሩ የሚያወጣው እርሱ ብቻ ነውና።